ውሃ የጠጣ መዝገብ

ኃይለማርያምን እጠላው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ወደ መጨረሻው ስለ እሱ ደግ የተናገርኩ ሲመስላችሁ ታርቀዋል ብላችሁ እንዳትደመድሙ ነው። አልታረቅንም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ እሱ «አንተ» ይለኛል፣ ስሜን እንኳ ሳይጨምር። አሁን ብዕሩ በእኔ እጅ ስለሆነ እኔም ያለ «አቶ» እጽፈዋለሁ።

ከነገሌ ወደ ፊልቱ ሲወረድ መንገድ ዳር አንዲት የቆላ ከተማ አለች፤ ስሟን ብጠራም አታውቋትም። በጃንሆይ ዘመን የወረዳ ፍርድ ቤት ነበራት፣ ቆርቆሮ የለበሰ ባለ ሁለት ክፍል ቤት። በአንዱ ዳኛው ያስችላሉ፣ በሌላው ኃይለማርያም መዝገብ ይጠብቃል፣ እኔ ሶራ ደግሞ በሁለቱ መካከል እመላለሳለሁ። አስተርጓሚ ነኝ። ዳኛው ኦሮምኛ አይሰሙም፣ ባለጉዳዩ አብዛኛው አማርኛ አይሰማም፤ ስለዚህ ክሱም መልሱም ፍርዱም በእኔ አፍ ያልፋል። ኃይለማርያም ግን ፍርድ የሚያልፈው በእሱ ቁም ሣጥን ብቻ ነው ባይ ነው። «አፍ ይሰክራል፣ አፍ ጉቦ ይበላል» ይላል፣ እኔን እያየ። እኔ ጠጅ በአፌ ዞሮ አያውቅም።

የዚህ ሰው ትልቁ በዓል መዝገብ በይግባኝ ሲወጣና ሲመለስ ነው። አንዱ ወገን ይግባኝ ሲል የላይኛው ፍርድ ቤት «መዝገቡ ተጠቃሎ ይላክልን» ብሎ ይጽፋል። ያን ጊዜ እያንዳንዱን ገጽ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ዳሩን በመርፌና በሲባጎ ይሰፋዋል፣ በአቡጀዲ ይጠቀልለዋል፣ ቋጠሮው ላይ ቀይ ሰም አቅልጦ ያንጠባጥብና የፍርድ ቤቱን ማኅተም ይጫንበታል። የላይኞቹ ከፍተው ጉዳዩን ሰምተው ሲጨርሱ፣ ውሳኔያቸውን ከመዝገቡ መጨረሻ ላይ ሰፍተው በራሳቸው ማኅተም አሽገው ይመልሱታል። ሲመለስ ኃይለማርያም መጀመሪያ ማኅተሙን ያያል። ደህና ከሆነ ተከራካሪዎቹን ጠርቶ ፊታቸው ይከፍተዋል፣ ውሳኔውን ያነብላቸዋል፣ ከዚያ ለዳኛው ያቀርባል፣ ዳኛውም «ይፈጸም» ብለው ይፈርማሉ። ማኅተሙ ከተነካ ግን አይከፍተውም፤ እንደመጣ ይመልሰዋል። ይህ የማን ሕግ እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቀው «የእኔ» አለኝ፤ በኋላ ግን የላይኞቹም እንደዚያው እንደሚያደርጉ አየሁ።

የምነግራችሁ የጉያቱን ጉዳይ ነው። ባሏ ዳዳቻ በሕይወት ሳለ ከወንድሞቹ ጋር በየበጋው እየቆፈረ አንድ ትልቅ ኩሬ አበጅቶ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ሃሮ እንለዋለን። ዝናብ ሲመጣ ይሞላል፣ ሲጎድል ደለሉ ይጠረጋል፣ ሌላው ኩሬ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ሲሰነጠቅ የዳዳቻ ኩሬ ውሃ ይዞ ይቆያል። ዳዳቻ ሞተ። ለቅሶው ሳይወጣ ወይዘሮ ብዙወርቅ ዙሪያውን በእሾህ አጥራ፣ በሩ ላይ ሰንሰለትና ቁልፍ አደረገችበት። እሷም ባሏ የሞተባት ናት፤ ሻምበል ነበር፣ ለአገልግሎቱ መሬት ተሰጥቶታል፣ ኩሬው እዚያ መሬት ውስጥ ነው ትላለች። ሰንጋ አደልባ ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ችሎት ፊት ቆማ ስትከራከር ግን ነገረ ፈጅ ቢሰማት ሥራውን ይለቅ ነበር።

የእኛ ዳኛ ለጉያቱ ፈረዱ። ብዙወርቅ ወዲያው ነገሌ ወዳለው ፍርድ ቤት ይግባኝ አለች፣ እግድም አወጣች፤ ይግባኙ እስኪያልቅ ኩሬው ባለበት ይቆይ የሚል። ባለበት ማለት በእሷ እጅ ማለት ነው። ኃይለማርያም መዝገቡን ሰፍቶ አሽጎ ላከ፣ የጉያቱም ከብቶች ከአጥሩ ውጭ ቀሩ።

ያን ዓመት የሀገያ ዝናብ፣ የመስከረምና የጥቅምቱ ማለት ነው፣ ጭራሹን ቀረ። በእሾሁ ቀዳዳ ውሃው ይታያል፣ የብዙወርቅ ሰንጋዎች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይጠጣሉ። የጉያቱ ከብቶች እስከ ገናሌ ወንዝ ይነዳሉ። ገናሌ ሩቅ ነው፤ የጠጡትን ውሃ መንገዱ መልሶ ይጨርሰዋል፣ ደካማዋ ላም ደግሞ ከነጥጃዋ ትቀራለች።

በዚህ መሀል ነገሌ ፈረደ። ጉያቱ እዚያው ችሎት ቆማ ሰምታ መጣች። ቢሮው በር ላይ ዱላዋን አስደግፋ ገባች፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲያናግሯት ሰው ፊት ላይ ትክ ብላ የምታይ ሴት ናት።

«አካም፣ ሶራ። ናጋ?»

«ናጋ፣ አዮ። ደህና ገቡ?» አልኳት። ናጋ ሰላም ነው፣ አዮ እናቴ ማለት ነው፤ በአማርኛው አንቱ የሚለውን ያህል ነው።

«ኩሬው የዳዳቻ ነው፣ የታችኛው ፍርድ ጸንቷል ብለው አነበቡ። በል ለዚህ ሰውዬ ንገረውና ቁልፉን ያስመጣልኝ።»

ነገርኩት። ኃይለማርያም ቀና እንኳ አላለም። «መዝገቡ የታለ?» አለ።

«ይመጣል ብለዋታል።»

«እግዱ የተጻፈው መዝገቡ ላይ ነው። የሚነሣውም መዝገቡ ላይ ነው። መዝገቡ ሲመጣ ትምጣ።»

«ፍርዱን በጆሮዋ ሰምታለች እኮ። ከብቱ እያለቀ ነው።»

«አንተ አስተርጓሚ ነህ ወይስ ጠበቃ? ያልኩህን ንገራት።»

ያለኝን ነገርኳት። ጉያቱ አንዴ እሱን አንዴ ቁም ሣጥኑን አየች። «ታዲያ ነገሌ ድረስ የሄድኩት ምን ልሰማ ነው?» አለች። ይህን ተርጉሜ ስጠይቀው «እሱን ነገሌን ትጠይቅ» አለ። ዳኛው ዘንድ ገብቼ ብናገርም፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ «ኃይለማርያም ያላቀረበልኝን አልፈርምም» አሉኝ። ከዚያ ቤት ስወጣ ኃይለማርያምን በጥፊ ማለት አማረኝ። ሰው መምታት የሚያምረኝ ሰው አልነበርኩም።

መዝገቡ መጣ። ያመጣው ሰማታር ነው። ሰማታር ከነገሌ እስከ ዶሎ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉትን የጣሊያን ጭነት መኪና የሚነዳ ሱማሌ ሾፌር ነው፤ የመንግሥት ፖስታ አብሮ ይጭናል፣ ኦሮምኛው እንደ እኔው ነው፣ አማርኛው ለስድብ ያህል ብቻ ነው። ጥቅሉን በሁለት እጁ ይዞ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ኃይለማርያም አየው፤ ሳይነካው ረጅም ጊዜ አየው። ማኅተሙ የለም። ሰሙ ቀልጦ በአቡጀዲው ላይ ፈስሶ፣ እንደገና ረግቶ ቀይ ቅርፊት ሆኗል።

«የት አስቀምጠኸው ነው?» አለ።

ሰማታር ጥያቄው ሲተረጎምለት ደስ አለው፤ የሚኮራበት ነገር ነበርና። «ጋቢና ውስጥ ነዋ፣ ሞተሩ ክዳን ላይ፣ ከእኔ አጠገብ። ያ ቦታ የሽማግሌ ቦታ ነው። ከዱቄትና ከቆዳ ጋር ከኋላ የመንግሥት ዕቃ እጭናለሁ? ሰው እንኳ እንዳይቀመጥበት ከልክያለሁ።»

አክብሮ ነው ያቀለጠው። በዚያ መንገድ ላይ የሞተር ክዳን ሥጋ ይጠብሳል፣ እሱ ግን የለመደው ሙቀት ስለሆነ ልብ አላለውም። ይህን ለኃይለማርያም በአማርኛ ስነግረው ሰማታርን በማላውቃቸው ቃላት ሁሉ ሰደበው። ሰማታርም የሚያውቃቸውን ጥቂቶች መለሰለት።

«ይመለስ» አለ ኃይለማርያም።

«ሰሙ ነው እንጂ ክሩ አልተፈታም» አልኩት። «ይዩት፣ ቋጠሮው እንዳለ ነው።»

«ይመለስ አልኩ።»

«አንዲት ሴት ከብቷ እያለቀ ነው።»

ያን ጊዜ ተነሣ። አጭር ሰው ነው፤ ሲናደድ ግን ጠረጴዛው የሚያንስበት ይመስላል። «ስማ» አለኝ። «ከዚህ በፊት በሠራሁበት አገር ማኅተሙ የተነካ መዝገብ አዝኜ ተቀበልኩ። ሲከፈት ገጽ ተለውጦበታል። መንገድ ላይ ነው የለወጡት። አንድ ደሀ ቤቱን አጣ፣ እኔ ታሰርኩ። እስር ቤት አንተ ስንቅ አቀበልከኝ? ይመለሳል።»

የእሱን እስር ስሰማ ላዝንለት ሞከርኩ፤ እንቢ አለኝ። ወህኒ ቤት የገባው እሱ፣ የሚከፍሉት የጉያቱ ከብቶች። ሰማታር ጥቅሉን ይዞ ሲወጣ በአንዱ ብብቱ እንደ ዳቦ ሸጉጦት ነበር፤ ክብሩ አልቋል።

ብዙወርቅ ወሬውን ሰምታ በማግስቱ ጥላዋን ይዛ መጣች፤ ጉያቱም እዚያው ነበረች። ሁለቱ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች በአንድ አግዳሚ ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ።

«ሕግ አለ ለካ በዚህ አገር» አለች ብዙወርቅ ለኃይለማርያም። «ባሌ ለዚህ መሬት ደሙን አፍስሷል። ንገራት፣ አስተርጓሚ።»

ነገርኳት። ጉያቱ ወደ እሷ ሳትዞር መለሰች። «የኔ ባል ላቡን ነው ያፈሰሰው። ኩሬው የተቆፈረው በየትኛው እንደሆነ ጠይቃት።»

ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩት፣ ትንሽም ድምፄን ከፍ አድርጌ። ብዙወርቅ ፊቷ ደም ለበሰ። ኃይለማርያም ሁለቱንም አስወጣቸው። አንድ ነገር ልመስክርለት፤ ለብዙወርቅ አላዳላም። ሁለቱንም እኩል ይጠላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉያቱ አንድ ነገር አደረገች። ከአጥሩ ሥር ውሃ እያየች የሞተች ላም ነበረቻት። ቆዳዋን አስገፍፋ አምጥታ በመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ጸጉሩን ወደ ታች አድርጋ ዘረጋችው። ከዚያ ሄደች። ኃይለማርያም ጠዋት መጣና ረግጦት ገባ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቆዳ ከዚያው አጠገብ ተዘረጋ። ዝንቡ ወደ ቢሮው ገባ፣ ሽታው መዝገቡ ላይ ተቀመጠ። ዘበኛው ሊያነሣው ሲል ኃይለማርያም «ተወው» አለ። ለምን እንዳለ አላውቅም፤ እኔን ለማናደድ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ባርኔጣውን አደረገ፣ ኮዳውን ውሃ ሞላ፣ መሳቢያውን ቆለፈ። «ነገሌ እሄዳለሁ» አለኝ። «መዝገቡን ራሴ አመጣዋለሁ። ከዚህ ሽታ ነገሌ ይሻለኛል።» የሰማታር መኪና ላይ ሲወጣ እግዜር በሰላም ይመልስዎ አላልኩትም።

የሆነውን በኋላ የነገረኝ ሰማታር ነው። ነገሌ ላይ ኃይለማርያም ጸሐፊዎቹን አላስቀምጥ አለ። መዝገቡን ገጽ በገጽ ቆጠረ፣ መጨረሻው ላይ የተሰፋውን የይግባኝ ውሳኔ ቆሞ ደጋግሞ አነበበ፣ ከዚያ እፊቱ አሽገው አዲስ ማኅተም መቱበት። ከዚያ በኋላ ጥቅሉን ከጉልበቱ ላይ አላወረደም። ሞተሩ አጠገብ አልቀመጥም ብሎ ከኋላ ጭነት ላይ ወጣ። ቀትር ላይ፣ አንድ ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ መኪናው ተበላሸ። ፀሐይዋ ሰሙን ማለስለስ ስትጀምር ጣቱን አድርጎ አየና አንገት ልብሱን አውልቆ፣ በኮዳው ውሃ አርሶ፣ ጥቅሉ ላይ ጠመጠመ። ሲደርቅ እንደገና ያፈስበታል። ተሳፋሪው ውሃ ጨርሶ ነበር። አንዲት አራስ «ጉሮሮዬን ላርጥብበት» ብላ ለመነችው፤ ሰጣት፣ ግን ስንት ጉንጭ እንደወሰደች እየቆጠረ። ለሌላ ለማንም አልሰጠም፣ ራሱም አልጠጣም። የቀረው ሁሉ ለሰሙ ሆነ።

ከተማችን ሲደርሱ መኪናው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ጉያቱ ሦስተኛ ቆዳ ይዛ እዚያ ነበረች። ኃይለማርያም ከጭነቱ ወረደ፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጥቅሉን እንደታመመ ሕፃን አቅፎታል። መሬት ከረገጠ በኋላ ኮዳውን ገልብጦ የመጨረሻውን ጠብታ ጨርቁ ላይ አፈሰሰው። ውሃው በአቡጀዲው ጠርዝ እየተንጠባጠበ አፈሩ ላይ ወደቀ።

ጉያቱ አየችው። ቆዳውን ከትከሻዋ አወረደችና አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?» አለኝ ኃይለማርያም፣ ጉሮሮው ደርቆ።

«ከከብቶቼ በፊት ወረቀቱ ጠጣ አለች።»

የሚመልስልኝ ስድብ ነበር የመሰለኝ። እሱ ግን ቆዳውን ሳይረግጥ በጎኑ ዞሮ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ተጠሩ። ብዙወርቅ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ጉያቱ ቆመች፣ እኔ እንደ ደንቡ ከኃይለማርያም ትከሻ ኋላ ቆምኩ፤ እሱ ሲያነብ እኔ ተከትዬ ወደ ኦሮምኛ የምመልሰው ከዚያ ቦታ ነው። ማኅተሙን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ሰሙ ላይ የታተመው አንበሳ እንዳለ ነው፣ አንዲት ጸጉሩ አልጎደለችም። ብዙወርቅ ቀርባ በጥፍሯ ነካ አድርጋው ተመለሰች። «ደህና ነው» አለች፣ ሳትወድ።

ሰበረው፣ አቡጀዲውን ፈታ፣ መዝገቡን ገልብጦ የመጨረሻውን ገጽ ከፈተ።

እኔ አየሁት። ከትከሻው በላይ ሆኜ ነዋ። ውሳኔው መጨረሻ ላይ ስለተሰፋ ከርጥቡ ጨርቅ ጋር ተጣብቆ የመጣው እሱ ነው። ቀለሙ ሁሉ ፈስሷል። ከላይ አንድ ሁለት ፊደል፣ ከታች የማኅተም ክብ ጥላ፣ መካከሉ ሰማያዊ ረግረግ ነው። የዳኞቹ ስም የለም፣ የጉያቱ ስም የለም፣ ጸንቷል የሚል ቃል የለም። ማኅተሙን ለማዳን ያፈሰሰው ውሃ ፍርዱን አጥቦታል።

የኃይለማርያም አንገት ላይ ያለው ሥር ሲቆም አየሁ። ሕጉ የእሱ ነው፤ የማይነበብ ገጽ ይመለሳል። ከተመለሰ ደግሞ ማን አበላሸው ይባላል፣ እሱ ይታሰራል፣ ጉያቱም እንደገና ትጠብቃለች። የቀሩት ከብቶቿ ሌላ የገናሌ ጉዞ አይችሉም፤ ይህን የማያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ብዙወርቅ ትጠብቃለች። ጉያቱ ትጠብቃለች።

ኃይለማርያም ጉሮሮውን ጠረገና ማንበብ ጀመረ።

«በይግባኝ ባይ በወይዘሮ ብዙወርቅና በመልስ ሰጭ በጉያቱ መካከል ያለውን ክርክር ተመልክተናል» አለ። ዓይኑ ገጹ ላይ ነው፣ ጣቱ መስመር እየተከተለ ይሄዳል፤ መስመር በሌለበት። ነገሌ ላይ ደጋግሞ ያነበበውን ከራሱ እያወጣ ነበር፣ በዚያ በሚያስጠላ የችሎት ድምፁ፣ ቃል ሳይስት።

ቆም አለ። ተራዬ ነው። ትከሻውን ብቻ ነው የማየው፤ አልዞረም። በዚያች ቅጽበት ሰውዬው እጄ ውስጥ ነበር። «ይህ ገጽ ባዶ ነው» ብል ኃይለማርያም በዚያው ቀን አለቀለት። ስንት ዓመት አንተ ያለኝ፣ ጉቦ በላ እያለ ያሽሟጠጠኝ ሰው። አልዋሻችሁም፣ ቃሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፣ ጣፋጭም ነበር። ከዚያ ጉያቱን አየኋት። ትከሻዋ ላይ ቆዳ አልነበረም፤ ፍርዱን ልትሰማ ባዶ እጇን ነው የመጣችው።

ተረጎምኩት። እሱ ቀጠለ፣ እኔ ተከተልኩ። ባዶውን ገጽ እሱ በአማርኛ አነበበው፣ እኔ በኦሮምኛ መለስኩት።

«ስለ ዳዳቻ መቆፈር የምስክሮቹን ቃል ድገምልኝ» አለች ብዙወርቅ በመካከል። ተንኮለኛ ናት፣ የሆነ ነገር ሸትቷታል። ኃይለማርያም ጣቱን ሁለት መስመር ወደ ላይ መልሶ፣ ያንኑ ቃል በዚያው ቅደም ተከተል ደገመው። እኔም ደገምኩት። «ስለዚህ የታችኛው ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ጸንቷል» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። እጁን ከላዩ ላይ አላነሣም።

ዳኛው መዝገቡን ሳይገልጡ አስቀድሞ በተዘጋጀው ወረቀት ላይ «እግዱ ተነሥቷል፣ ይፈጸም» ብለው ፈረሙ። ብዙወርቅ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «ገና ነው፤ ከነገሌም በላይ ፍርድ ቤት አለ» ብላ ወጣች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በሩ ሲከፈት እዚያ ነበርኩ። ከብቶቹ ሽታውን አውቀው ሊሮጡ ሞከሩ፣ እግራቸው ግን እየተጠላለፈ ወደቁ። ከጠጡት መካከል የጠጡበት ቦታ የቀሩ አሉ። ጉያቱ በሕይወት ያሉትን ራስ ራሳቸውን እየነካች አለፈች። ኃይለማርያምም መጥቶ ነበር፤ ለፊርማ ነው የመጣሁት አለ። እሷ አላመሰገነችውም፣ እሱም ምስጋና የሚጠብቅ ሰው አይመስልም። ውሃው ዳር ቆሞ ኮዳውን ሞላና ጠጣ።

ስንመለስ መንገድ ላይ «አየህ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ጥሩ» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ገጽ አንድ ቀን አላነሣንም። በማግስቱ እንደ ልማዱ ዘግይተሃል ብሎ ተቆጣኝ።

ብዙወርቅ የዛተችውን አደረገች፤ ይግባኟን ከነገሌ በላይ ወዳለው ፍርድ ቤት ወሰደች። እዚያም አዲስ እግድ እንዲሰጣት ለመነች። መዝገቡን ሳናይ እግድ አንሰጥም አሏት፤ ለእኛም «መዝገቡ ተጠቃሎ ይላክልን» የሚል ትእዛዝ መጣ። ኃይለማርያም ትእዛዙን አነበበና ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ፊቱ አመድ ሆኖ ነበር። መዝገቡ ማኅተሙ ደህና ሆኖ ከደረሰ ይከፈታል፣ የመጨረሻው ገጽ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰፋው፣ ጠቀለለው፣ ቀይ ሰሙን አንጠባጠበ፣ ማኅተሙን ጫነ። ከዚያ የበለጠ ቆንጆ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ሰማታር መኪናውን አቁሞ ሲገባ አንድ የእንጨት ሣጥን ይዞ ነበር። ባለፈው የሰማውን ስድብ አልረሳም፤ ሣጥኑን ራሱ አሠርቶ፣ ውስጡን ሣር ሞልቶ፣ ከጋቢናው ኋላ ጥላ ቦታ ላይ የሚንጠለጠልበት ገመድ አበጅቶለታል። እያሳየን ፈገግ አለ።

ኃይለማርያም ሣጥኑን አየው። «ሣጥኑን ተወው በለው» አለኝ። «የድሮው ቦታ ላይ ያድርገው።»

ተረጎምኩት። ሰማታር ግራ ገባው። «ሞተሩ ላይ? ያኔ እኮ ቀለጠ። እናቴን የሰደበው ለዚያ አይደለም?»

ይህንም ተረጎምኩት።

«የመንግሥት ዕቃ የሚቀመጠው የሽማግሌ ቦታ ነው አላለም?» አለ ኃይለማርያም፣ ማኅተሙን በጣቱ እየዳሰሰ። «እንዳያሳንሰው በለው።»

መዝገቡ ሄደ። ተመልሶ መጣ፣ «ማኅተሙ የቀለጠ ስለሆነ አልተቀበልንም፣ በደንብ ታሽጎ ይላክ» ተብሎ። ኃይለማርያም በደንብ አሸገው፣ ሰማታር በክብር ቦታው አስቀመጠው፣ እንደገና ተመለሰ። እግድ የለም፤ በሩ እንደተከፈተ ነው፣ የጉያቱ ከብቶች ይጠጣሉ። ካጣቻቸው ግማሹን እንኳ የሚተካ አይደለም፣ ግን የቀሩት ጎናቸው መሙላት ጀመረ።

ከዚያ አንድ ቀን ብዙወርቅ በሩን ገፍታ ገባች። ሰማታርን አግኝታ ሁሉን ጠይቃዋለች፣ ያን ጊዜ መዝገቡ እንዴት ሳይቀልጥ እንደመጣም ነግሯታል። ጥላዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አቶ ኃይለማርያም፣ ያኔ ለእሷ ሲሆን እስከ ነገሌ ሄደህ፣ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ፣ መንገዱን ሁሉ ውሃ እያጠጣህ አመጣኸው። አሁን ለእኔ ሲሆን ያ ውሃ የት ገባ?»

ኃይለማርያም ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ፣ አንድ ቃል ጻፈ፣ ነካ አድርጎ አደረቀው። ደጃፉ ላይ ያ አሮጌ ቆዳ እስካሁን አልተነሣም፤ ፀሐይ አድርቃው ተቆልምሟል። ወደዚያ በአገጩ አመለከታት።

«ውሃ ለከብት ነው፣ እሜቴ» አላት።

የምተረጉመው አልነበረም፤ ሁለቱም አማርኛ ያውቃሉ። ብዙወርቅ ቆዳውን አየችው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ጥላዋን አንሥታ ወጣች። እኔ ግን ዓይኔን ከኃይለማርያም ላይ መንቀል አቅቶኝ ቆየሁ።

«ምን ታፈጣለህ?» አለኝ። «አንተ ሥራ የለህም?»